«የተሠራበት» የሚለው መስመር

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ደክሞኝ ትቼዋለሁ። ኮዬ ፈጬ፣ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም በር ላይ ጠዋት ጠዋት አብራኝ አውቶቡስ የምትጠብቅ ጎረቤቴ «እሷ እንኳ ኮምፒውተር ላይ ናት» ብላ ለሰው ታስተዋውቀኛለች፤ እኔም አላርማትም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሳሪስ አቦ አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በኮምፒውተርና በስልክ የተሠሩ ሥዕሎችን ሰብስቦ በኢንተርኔት የሚያሳይ ትንሽ ቢሮ አለ። ሠዓሊዎች ሥራቸውን ይልኩልናል። እኔ እያንዳንዱን ሥዕል እከፍትና ከሥሩ ያለውን ቅጽ እሞላለሁ፤ የሠሪው ስም፣ ዓመቱ፣ መጠኑ፣ በመጨረሻም «የተሠራበት»። በየትኛው ሶፍትዌር እንደተሠራ ማለት ነው። በፎቶሾፕ ከሆነ ፎቶሾፕ፣ በስልክ ከሆነ የስልኩን መተግበሪያ። አንድ ሰው ገብቶ «በዚህ የተሠሩትን አሳየኝ» ሲል እነሱ ብቻ ተለይተው እንዲወጡለት ነው።

በዚህ ሥራ ጨካኝ ነኝ፤ አልደብቅም። የቀለሙን ጠርዝ አጉልቼ አይቼ በምን እንደተሠራ አብዛኛውን ጊዜ አውቃለሁ። አንዴ አንድ ወጣት ሠዓሊ ስልኩ ላይ በጣቱ የሣለውን ሥዕል በትልቅ ሶፍትዌር እንደሠራው አድርጎ ላከልን። መለስኩበት። ደውሎ «እህቴ፣ ምን ለውጥ ያመጣል? ሥዕሉ እንደሆነ ያው ሥዕል ነው» አለኝ። «ለውጥ ባያመጣማ አትዋሽም ነበር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ያን ቀን ምሳዬን የበላሁት ራሴን እያደነቅሁ ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ያደረግሁትን ምን ዓይነት ሰው እንዳደረገችው እንድታውቁ ብዬ ነው።

እናቴ የምትኖረው አቃቂ በሰቃ፣ እኔን በወለደችበት ቤት ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ዲዛይን ክፍል። ዲዛይን ክፍል ሲባል ነዳፊ እንዳትመስላችሁ። ሥራዋ ሌሎች የነደፉትን አበባና ሐረግ በካሬ ወረቀት ላይ መገልበጥ ነበር። ልጅ ሆኜ አስረድታኛለች፦ አንዷ ካሬ አንድ ድርና አንድ ማግ የሚገናኙባት ቦታ ናት፤ በቀለም ከሞላሻት ክሩ ከላይ ይወጣል፣ ባዶ ከተውሻት ከሥር ይገባል። ሽማኔው ወረቀቱን አይቶ ማሽኑን ያዘጋጃል። የስንቱን አልጋ ልብስ፣ የስንቱን መጋረጃ ካሬ እሷ እንደቆጠረች እግዜር ይወቀው። የራሷ የሆነ ንድፍ ግን አንድም ቀን ተሸምኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ ደፍራ ለኃላፊዋ የራሷን ብታሳየው «አንቺ ገልብጪ» ብሎ መልሶላታል። ይህን ስትነግረን ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ከጡረታ በኋላም ስለ ቤት እድሳትም ሆነ ስለ ጤናዋ ምን ትፈልጊያለሽ ሲሏት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነበር፦ «ሳልሞት የራሴን ጨርቅ፣ አንድ ክንድ እንኳ ትሁን፣ ባያት።»

አሮጌ ላፕቶፔን የሰጠኋት የማኅበሯን አባላት ስምና ስልክ እንድትይዝበት ነው። ኤክሴልን ከፍቼ፣ ስም እዚህ፣ ስልክ እዚህ ብዬ አሳይቻት ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ አንድም ስም የለም። ሰንጠረዡ ውስጥ ቀይና ቢጫ ሐረግ ይሄዳል። ዓምዶቹን እየገፋች አጥብባ አጥብባ፣ እያንዳንዷን ሳጥን ትክክለኛ ካሬ አድርጋት አንድ በአንድ በቀለም ሞልታቸዋለች። «ይኼ እኮ የኛ ወረቀት ነው» አለችኝ፤ በጣም ተቆጥታ። «ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ እያወቃችሁ ለምን ደበቃችሁኝ?»

ከዚያ ወዲህ እናቴን ማን ያግኛት። ጠዋት ቤቷን አሰናድታ ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች። ስትቆጥር ያነጋገራት ወዮለት። ጎረቤት «እንደምን አደርሽ» ብላ ብትገባ እናቴ ዓይኗን ሳታነሳ መዳፏን ብቻ ታነሳለች፤ ሴትየዋ መስመሩ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሰፈሩ ለምዶታል። ሥራዋን የምታስቀምጥበትን ፍላሽ ከቤት ቁልፏ ጋር በአንድ ክር አድርጋ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። አንዴ «እማዬ፣ ከጌጥሽ ሁሉ ይኼ በለጠ?» ብላት «ጌጤማ ይኼ ነው» አለችኝ።

ከሠራቻቸው ሁሉ አንዷ ትለይብኛለች። ፈረቃ ሲቀየር ከፋብሪካው በር የሚወጡና የሚገቡ ሴቶች ናቸው። ሻሽ ያሰሩ ትናንሽ ሴቶች በሁለት ረድፍ፤ የላይኞቹ ወደ ግራ፣ የታችኞቹ ወደ ቀኝ፣ ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ። የሚወጡት ትንሽ ጎበጥ ብለዋል። በካሬ ብቻ ሰውን ድካሙን ጭምር ማሳየት እንዴት እንደቻለችበት እስከ ዛሬ አይገባኝም። አንድ እሑድ ስታሳየኝ ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩት። ልጇ ስለሆንኩ አይደለም፤ ቢሮ ካሉን ሥዕሎች ከግማሹ ትበልጥ ነበር።

«ይህን ሰው ማየት አለበት» አልኳት።

«ሰው ቢያየው ይሸምንልኛል?»

«የሚሸምን ሰውም ሊያየው ይችላል፤ ምን ይታወቃል።»

«አንቺ ደግሞ» ብላ ሳቀችብኝ። ፍላሹን ግን ወዲያው ከአንገቷ አወጣችው።

ሰኞ ዕለት ሥዕሉን አስገባሁና ቅጹን ከፈትኩ። የሠሪው ስም በሚለው ላይ የእናቴን ሙሉ ስም ጻፍኩ። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነው፤ ስለዚህ ስሟን አይቶ እናቴ መሆኗን የሚጠረጥር አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ «የተሠራበት» የሚለው መስመር ጋ ደረስኩ። የምንመርጥበት ዝርዝር ውስጥ ኤክሴል የለም። እንዲጨመር ኃላፊዬን መጠየቅ ነበረብኝ። ባልደረቦቼ ሥነ ጥበብ የተማሩ፣ ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ልጆች ናቸው። «ኤክሴል? የደሞዝ መሥሪያው?» ብለው ሲስቁ ታየኝ። ቀጥሎ ሴትየዋ ማን ናት፣ የት ተማረች፣ ይላሉ። ጣቴ ዝርዝሩ ላይ ትንሽ ቆየና ፎቶሾፕ የሚለውን ነካ። ያን ወጣት ስልክ የዘጋሁበት እኔ።

ሥዕሉ ተወደደ። ኃላፊያችን እንግዳ መቀበያው ጋ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ እንዲታይ አደረገችው። ለእናቴ በስልኬ አሳየኋት፤ ስልኩን አራቅ አድርጋ ይዛ አየችውና «ከሥሩ ያለችው ጽሑፍ ምን ትላለች?» አለችኝ። «የኛ የቢሮ ነገር ነው» አልኳት። ዓይኗ ደቃቅ ጽሑፍ እንደማያነብ አውቃለሁ።

ሰውየው የመጣው ረቡዕ ነው። ሸሚዙ ላይ የክር ብጥስጣሽ የተጣበቀበት፣ ሽበት የጀማመረው ሰው። ቃሊቲ ውስጥ አነስተኛ የሽመና ድርጅት አለኝ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን አስገብቻለሁ አለ። ለበዓል የሚወጣ ጨርቅ ንድፍ እስከ ዓርብ መምረጥ አለበት። «በካሬ ተቆጥሮ የተሠራ ነገር አላችሁ? እንደ ሰንጠረዥ ያለ። ሌላውን ወደ ካሬ ልቀይር ስል አበባው ሌላ፣ ልኬቱ ሌላ ይሆንብኛል። እናንተ ደግሞ በምን እንደተሠራ ለይታችሁ ትጽፋላችሁ ስላሉኝ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው በሥራ ዘመኔ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። የምሞላውን መስመር ፈልጎ የመጣ። ፈለግሁለት፤ አንድም አልወጣም። ከየት ይወጣል።

ሰውየው ሊሄድ ሲል ስክሪኑን አየና ቆመ። ቀረብ ብሎ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «ይቺን የሠራ ሰው ሽመና ያውቃል» አለ። ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ቀልጠፍ ብሎ አየለትና «ፎቶሾፕ ነው የሚለው» አለው።

«አይ፣ እሱ ከሆነማ ይቅርብኝ። ባለፈው እንዲህ ያለውን ወስጄ ስንት ቀን አቃጥሎኛል።» ስልክ ቁጥሩን ትቶልን ሄደ።

የእናቴ ምኞት በእግሩ መጥቶ በእግሩ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሁለት ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ባልደረባዬ አጠገቤ ነው፤ እሱ ፊት «ዋሽቻለሁ» ማለት ሞት መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔስ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ነቀዘ።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ለባሌ ደውዬ ልጆቹን አደራ ብዬ በሰቃ ወረድኩ። እናቴ እየቆጠረች ነበር። መዳፏን አነሳችብኝ። እንደ ጎረቤቶቹ በሩ ላይ ቆምኩ። መስመሩን ስትጨርስ «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ ምን እንደጻፍኩ፣ ሰውየው ምን እንዳለ፣ እኔ ምን እንዳላልኩ።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። መነጽሯን አወለቀችና ስትናገር ድምፅዋ ሥራ ቦታ የነበረችበት ጊዜ ዓይነት ሆነ።

«እኛ ጋ ወረቀቱ ጥግ ላይ የማሽኑ ቁጥር ይጻፋል። በየትኛው ማሽን እንደሚሸመን። እንደ ማሽኑ ካሬው ይረዝማል፣ ያጥራል። አንድ ቀን ቸኩዬ የሌላ ማሽን ቁጥር ጻፍኩ። ጽጌረዳው ሁሉ እንደ ተረገጠ ቲማቲም ተጨፍልቆ ወጣ። እኔን ማንም አላየኝም። ማሽኑ ላይ የነበረችውን ልጅ ነው ይዘው የሚጮሁባት። አዲስ ተቀጣሪ ናት፣ ታለቅሳለች።»

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ እኔ ነኝ አልኩ። እኔ ነኝ ስትይ አትሞቺም። ሞቼ ቢሆን አንቺን ማን ይወልድሽ ነበር?»

ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝና ልቤ ቀለል አለ። ከዚያ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ ያፈርሽው በካሬው ነው ወይስ በኔ?»

«በካሬው ነው እንጂ እማዬ! ባንቺማ ምን ቆርጦኝ።» ከሚገባው በላይ ፈጥኜ መለስኩ።

«እሺ» አለችና እራት ልታቀርብ ተነሳች። ምስር ወጡን እንደ ልጅነቴ ከራሷ ድርሻ ወደ እኔ እየገፋችልኝ አበላችኝ፤ ዳግመኛም አላነሳችውም።

ሐሙስ ጠዋት ለኃላፊዬ እነግራለሁ ብዬ ገባሁ። ጠዋት ስብሰባ አለባት ብዬ ተውኩት። ከምሳ በኋላ ስልክ ላይ ናት ብዬ ተውኩት። ሰው ሲፈራ ምክንያት አያልቅበትም። ልትወጣ ቦርሳዋን ስታነሳ ነው በሩ ላይ የያዝኳት። «የሴቶቹ ሥዕል የተሠራው በኤክሴል ነው። አውቄ ነው ፎቶሾፕ ያልኩት» አልኳት።

«አንቺ?» አለችኝ። ሌላ ነገር ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን መልሳ አስቀምጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ ኤክሴልን ዝርዝሩ ላይ ጨመረችና እዚያው ፊቷ አስተካከልኩት። «ግን እንዴት አወቅሽ?» ስትለኝ «ሠሪዋ ነገረችኝ» አልኳት። ሠሪዋ። እንዲያ ነው ያልኩት። ወደ ቤቴ ስሄድ ለዚያ ወጣት ሠዓሊ ደወልኩለትና ሥዕሉን በትክክለኛው መተግበሪያ ስም መልሶ እንዲልክ፣ ስልክ ስለዘጋሁበትም ይቅርታ እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። ደነገጠ መሰለኝ፤ «ጤና ነሽ ግን?» አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ፈቃድ ወስጄ እናቴን ይዣት ቃሊቲ ሄድኩ። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፍላሹ ከቀሚሱ በላይ ወጥቷል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው «ምንድን ነው እማማ?» ቢላት «ሥራዬ ነው» አለችው።

የሽመናው ቤት ሰውዬ ፍላሹን ከፍቶ ካሬዎቹን ሲያይ ወንበሩን ሳበ። አጉልቶ አየ፤ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። «ይኼ እኮ አልቆ የመጣ ነው። ምንም አልነካበትም» አለና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ እናቴ ጠቆምኩት። ከዚያ በኋላ እኔን ረሱኝ። «ድሩን በስንት አስበውት ነው?» ይላታል፤ ትመልሳለች። «ጠርዙን ለምን እንዲህ አደረጉት?» ይላታል፤ «እንዳይላላብህ ነዋ» ትለዋለች። እናቴን ሰው እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲጠይቃት አይቼ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ሰውየው ራሱን አሻሸ። «ምነው ረቡዕ በመጣችሁ። እናንተ ጋ ያጣሁ ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ትናንት ሌላ መረጥኩ። ድሩ ማሽኑ ላይ ተዘርግቷል፣ ክሩም የተገዛው ለዚያው ነው። አሁን መመለስ አልችልም፣ እማማ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ረቡዕ የት እንደነበርኩ እናቴ ታውቃለች። ዞራ እንኳ አላየችኝም። ሰውየውን «ድርህ ሲያልቅ ጫፉ ላይ የሚተርፍ አይኖርህም?» አለችው።

አሰበና «ሁለት ክንድ ቢተርፍ ነው» አላት።

«ሁለት ክንድ ብዙ ነው» አለችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው ጠራን። ማሽኑ ሌላውን ሰው አበባ ሸምኖ ጨርሶ፣ በቀረችው ድር ላይ የእናቴን ሴቶች ጀመረ። መጀመሪያ እግራቸው ወጣ፤ ቀጥሎ ምሳ ዕቃቸው፤ ቀጥሎ ሻሻቸው። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ አየች። ከንፈሯ እየቆጠረ እንባዋ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ ሰውየው ወደ ውጭ ወጣልን። ጨርቁ ተቆርጦ ሲሰጣት ፊቱን ሳይሆን ገልብጣ ጀርባውን ነው ያየችው፤ ዓይኗን ጠባብ አድርጋ ካየች በኋላ «እዚች ጋ አንዷን ካሬ ዘልያታለሁ» ብላ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ታክሲ ልንይዝ መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ጨርቁን በጥንቃቄ አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ቢሮሽ ስቀዪው።»

«እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ስትመኚው የኖርሽው እኮ ነው። ያንቺ ነው።»

«ልየው አልኩ እንጂ ልያዘው መቼ አልኩ? አየሁት።» ሻርፔን አንገቴ ላይ አስተካከለችልኝ፣ ትምህርት ቤት ልትሸኘኝ እንደምትወጣ። «ሰው ማን ሠራው ሲልሽ ግን ስሜን ብቻ ነግረሽ አትተዪው።»

ሌላ አልጨመረችም። ያን ማታ በችኮላ የሰጠኋት መልስ ውሸት እንደነበር ያን ጊዜውኑ ታውቅ ነበር። አውቃ ነው ምስር ወጡን ወደ እኔ ስትገፋልኝ የነበረችው።

ሰኞ ጠዋት ጨርቁን እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ኃላፊዬ ስትገባ አየችና ቆመች። በጣቷ ነካችው። ባልደረባዬም መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ይኼ የዚያች የኤክሴሏ ሴትዮ አይደለም እንዴ? የት አገኘሻት?» አለችኝ።

«እናቴ ናት» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጥቶ ኖሮ ከወዲያኛው ክፍል ያሉት ቀና ቀና አሉ።

ኃላፊዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጨርቁን አየች። «እናትሽ? ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?»

«አፍሬባት ነበር» አልኳት።